ስካይላይን፣ ብሉ ሪጅ፣ ስሞኪ ወይስ ሰሜን ጆርጂያ? ለጥንዶች የሰመር ጉዞ መምረጫ

ሰመር ሲመጣ ከዲሲ አካባቢም ከአትላንታም የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው። «ሁለታችን ብቻ መኪናችንን ይዘን የት እንሂድ?» ባህር ዳርቻው ይሞቃል፣ ሰውም ይበዛበታል። ኒውዮርክ ኪስ ያራቁታል። ከቨርጂኒያ እስከ ጆርጂያ ግን የአፓላቺያ ተራሮች ተዘርግተዋል። ደቡባዊው ክፍል በሰመር አረንጓዴ ነው። ፏፏቴ ሞልቶታል፣ አየሩም ቀዝቀዝ ያለ ነው።

ከፍታው አያስፈራችሁ። ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ አንደኛ የሆነው ማውንት ሚቸል 2,037 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ትበልጠዋለች! ስለዚህ ትንፋሽ አያጥራችሁም። አየሩም የምታውቁት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና ዝናብ፣ ማታ ሹራብ። ጁላይ ላይ ከተማው በሙቀት ሲቀቀል እላይ ጃኬት የሚደርቡ ሰዎች ታያላችሁ።

አስቸጋሪው ነገር መምረጡ ነው። ብዙ ሰው ፎቶ አይቶ ይመርጣል። በፎቶ ግን ሁሉም ቦታ አንድ ነው፤ ሰማያዊ ተራራ፣ ጉም፣ የምትጠልቅ ፀሐይ። እኔ የምመክረው በሌላ ነገር እንድትመርጡ ነው። የሚነዳው ማን ነው? የማይነዳውስ ፊቱ ሳይጠቁር ስንት ሰዓት መኪና ውስጥ መቀመጥ ይችላል? ይህን ሳይነጋገሩ የወጡ ጥንዶች ሁለተኛው ቀን ላይ ይኮራረፋሉ። አንዱ «አንድ እይታ ብቻ፣ እዚች ጋ ላቁም» ይላል፣ ሌላው ሆቴሉ ገብቶ ጋደም ማለት ይፈልጋል።

መንዳት ለምትወዱ፦ ስካይላይንና ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ

እነዚህ ሁለት መንገዶች የተቀጣጠሉ ናቸው። ስካይላይን ድራይቭ ፍሮንት ሮያል ከምትባል የቨርጂኒያ ከተማ ይነሳል። በሸናንዶ ብሔራዊ ፓርክ ጀርባ ላይ 105 ማይል ሄዶ ሮክፊሽ ጋፕ ላይ ያበቃል። ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ከዚያው ይቀጥልና 469 ማይል ተጉዞ ሰሜን ካሮላይና፣ ቼሮኪ ከተማ አጠገብ ይጨርሳል።

ከዲሲ ለምትነሱ ስካይላይን ቅርብ ነው። ትራፊክ ካልያዛችሁ ፍሮንት ሮያል ለመድረስ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። መግቢያው ለአንድ መኪና 30 ዶላር ነው፣ ለሰባት ቀን ያገለግላል። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ነው፤ ሬንጀሮቹም (የፓርኩ ጠባቂዎች) አይቀልዱም። አጋዘኖች ድንገት መንገድ ስለሚያቋርጡ ወሰኑ በቂ ምክንያት አለው። ነዳጅ የሚገኘው 51ኛው ማይል አካባቢ፣ ቢግ ሜዶውስ የሚባል ቦታ ላይ ብቻ ነው። አጭር ነገር ግን ትልቅ እይታ ያለው የእግር መንገድ ከፈለጋችሁ ስቶኒ ማንን ምረጡ። ደርሶ መልስ 1.6 ማይል ገደማ ነው፣ ስኒከር ይበቃዋል። ዝናብ ከያዛችሁ ደግሞ ወደ ሉሬይ ወርዳችሁ ዋሻውን ማየት ትችላላችሁ።

ፓርክዌዩ ግን ሌላ ነገር ነው። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935፣ በዚያ በከባዱ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው። እስከ መጨረሻው የተገጣጠመው በ1987 ነው። ያዘገየው ግራንድፋዘር በሚባለው ተራራ በኩል የሚያልፈው ክፍል ነበር። ተራራውን ላለመቆራረጥ ሲሉ መንገዱን በድልድይ ገደሉ ላይ አንጠልጥለው አሳለፉት። ድልድዩ ሊን ኮቭ ይባላል። ስትነዱበት ድልድይ ላይ መሆናችሁ አይታወቃችሁም፤ ከጎን ካለው የእግር መንገድ ስታዩት ግን ትገረማላችሁ።

መግቢያ ክፍያ የለውም። የጭነት መኪና አይገባበትም፣ የማስታወቂያ ሰሌዳም የለበትም። ነዳጅ ማደያም የለበትም፤ ለነዳጅ ወደ ከተማ መውረድ ግድ ነው። የፍጥነት ወሰኑ በአብዛኛው በሰዓት 45 ማይል ነው። ጠመዝማዛው፣ ጉሙ፣ ማቆሙና መነሳቱ ሲታከልበት በሰዓት 35 ማይል ከሄዳችሁ ጥሩ ነው። 469ን በ35 አካፍሉት። ምሳና ፎቶ ሳይቆጠር ከ13 ሰዓት በላይ መሪ ላይ መቀመጥ ማለት ነው። በሁለት ቀን እጨርሰዋለሁ የሚል ሰው ጥንዶች ጉዞ ላይ ሳይሆን ሥራ ላይ ነው።

ስለዚህ ሙሉውን አትሞክሩት። ከዲሲ ለምትነሱ የሚሻለው ስካይላይንን በአንድ ቀን መንዳት ነው። ከዚያ በሀይዌይ 81 ወደ ደቡብ ገስግሱ፣ ወደ ሰሜን ካሮላይና ታጠፉና ወደ ተራራው ተመለሱ። ከቡን ከተማ እስከ ቼሮኪ ያለው ክፍል ነው ዋናው። ማውንት ሚቸል 355ኛው ማይል አካባቢ ነው። ክራጊ ጋርደንስ 364ኛው ላይ ነው፤ ጁን አጋማሽ ገደማ ሮዶደንድረን የሚባል ሐምራዊ አበባ ይሸፍነዋል። ሪችላንድ ባልሳም 431ኛው ላይ ነው፤ ከፓርክዌዩ ከሁሉም ከፍ ያለው ቦታ ነው፣ 6,053 ጫማ። የማይሉ ቁጥር በየመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ስለተጻፈ ስልክ ባይሠራም አትጠፉም።

አንድ ከባድ ነገር አለ። በሴፕቴምበር 2024 ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ ሰሜን ካሮላይናን ክፉኛ ጎድቷል። መንገዱ በናዳ በብዙ ቦታ ተቆራርጦ ነበር፣ ጥገናውም ረጅም ጊዜ የሚወስድ ነው። የፓርኮች አገልግሎት የትኛው ማይል ክፍት፣ የትኛው ዝግ እንደሆነ በድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት እዩት። ጂፒኤስ ብቻ ካመናችሁ የተዘጋ በር ጋ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ።

አንድ ቦታ አርፋችሁ መዞር ለምትወዱ፦ ስሞኪ

ግሬት ስሞኪ ማውንቴንስ ቴነሲና ሰሜን ካሮላይና ድንበር ላይ ያለ ብሔራዊ ፓርክ ነው። አሜሪካ ውስጥ በጎብኝ ብዛት አንደኛ ነው። በ2024 ከ12 ሚሊዮን በላይ ጉብኝት ተመዝግቧል፤ ግራንድ ካንየን ካስተናገደው ከእጥፍ በላይ ነው። መግቢያው ነፃ ነው። መኪናችሁን ከ15 ደቂቃ በላይ ካቆማችሁ ግን የማቆሚያ ታግ ያስፈልጋችኋል። የቀኑ 5 ዶላር፣ የሳምንቱ 15 ዶላር ነው። ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ከቆያችሁ የሳምንቱን ግዙና ተገላገሉ።

እዚህ ምርጫው ፓርኩ ሳይሆን የምታድሩበት ከተማ ነው። በዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

ጋትሊንበርግ ከፓርኩ በር ላይ ነው። መብራት፣ ጫጫታ፣ የፓንኬክ ቤት፣ መንገድ ሙሉ ሰው፣ ውድ ፓርኪንግ። የሠርግ ቻፕል ስለበዛበት ብዙ ሰው ሄዶ ይጋባበታል። ከአጠገቡ ፒጅን ፎርጅ አለ፣ የዶሊ ፓርተን መዝናኛ ዶሊዉድ ያለበት ነው። ጫጫታ ለሚወዱ ጥንዶች ጥሩ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለተራራ ብዬ መጥቼ ሞል ውስጥ አላድርም።

ታውንሴንድ በዚያው በቴነሲ በኩል ሆና ፀጥ ያለች ናት። ኬድስ ኮቭ ለሚባለው ሜዳም ቅርብ ናት። ኬድስ ኮቭ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚነዳ የ11 ማይል ዙር ነው። በወረቀት 11 ማይል ምንም አይደለም። በተግባር ግን ፊት ያለው መኪና ድብ ሲያይ ይቆማል፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል፣ ሰው በመስኮት ስልኩን ያወጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዙሩ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት ከገባችሁ ግን አጋዘኑም ጉሙም ለእናንተ ብቻ ይሆናል። ከሜይ መጀመሪያ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ረቡዕ ረቡዕ መኪና አይገባም፤ ሳይክል ለሚወዱ ያ ቀን በዓል ነው፣ ለማያውቁት ደግሞ የባከነ ቀን ነው።

ብራይሰን ሲቲና ቼሮኪ በሰሜን ካሮላይና በኩል ናቸው። ለጥንዶች እኔ የማደላው ወደዚህኛው ጎን ነው። ብራይሰን ሲቲ አጠገብ ዲፕ ክሪክ አለ። በአጭር የእግር መንገድ ፏፏቴዎች ታያላችሁ፣ ከዚያ የጎማ ከመነዳሪ ተከራይታችሁ ወንዙ ላይ እየተንሳፈፋችሁ ትወርዳላችሁ። አመሻሽ ላይ ኦኮናሉፍቲ የጎብኝዎች ማዕከል አጠገብ ያለው ሜዳ ላይ ኤልክ ይወጣል። ኤልክ ትልቅ የአጋዘን ዘር ነው። ከአካባቢው ጠፍቶ ቆይቶ በ2001 ነው መልሰው ያመጡት።

ቼሮኪ ከተማ ውስጥ የመንገድ ስሞቹን ልብ በሉ። ከእንግሊዝኛው ጋር በቼሮኪ፣ ማለትም በአካባቢው ነባር ሕዝብ ፊደል ተጽፈዋል። ሲኮያ የተባለ ሰው ነው በ1820ዎቹ መጀመሪያ የፈጠረው። እንደ እኛ ፊደል አብዛኛው ምልክት ተነባቢውን ከነአናባቢው ይይዛል፣ 85 ምልክቶች አሉት። በ1838 መንግሥት አብዛኛውን ቼሮኪ በግዳጅ ወደ ምዕራብ ሲያባርር ብዙ ሺህ ሰው በመንገድ ላይ አልቋል። እዚህ የቀሩት ሰዎች ዘሮች ናቸው ዛሬ ከተማዋን የያዟት። ሙዚየማቸውን ሳታዩ አትለፉ።

በሁለቱ ጎኖች መካከል ያለው መንገድ ዩኤስ 441 ነው። አናቱ ላይ ኒውፋውንድ ጋፕ አለ፣ 5,046 ጫማ። አንድ እግር ቴነሲ፣ አንድ እግር ሰሜን ካሮላይና አድርጎ ፎቶ መነሳት የቦታው ወግ ነው። ከዚያ ወደ ኩዎሂ የሚወስድ መንገድ ይገነጠላል። ኩዎሂ የቀድሞው ክሊንግማንስ ዶም ነው። በ2024 ነው የቼሮኪ ስሙ የተመለሰለት። ከማቆሚያው እስከ ማማው ግማሽ ማይል ብቻ ነው፣ አስፋልት ነው፣ ግን ዳገቱ ይፈትናል። ከታች ፀሐይ ሆኖ እላይ ጉም ሊሆን ስለሚችል ጠዋት ሰማዩን አይታችሁ ውጡ።

የእኔ ምርጫ፦ አሽቪልና ብረቫርድ

ከአራት እስከ አምስት ቀን ካላችሁና አንዳችሁ ተራራ፣ አንዳችሁ ከተማ የምትወዱ ከሆነ ብዙ አታስቡ፣ ሰሜን ካሮላይና ያሉትን እነዚህን ሁለት ከተሞች ያዙ። ከዲሲ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ከአትላንታ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። አሽቪል ጥሩ ምግብ ቤት፣ ሙዚቃና የቢራ ጠመቃ ቤት አላት። አሮጌ ቤት የሚወድ ካለ ቢልትሞር አለላችሁ። በ1895 ያለቀ 250 ክፍል ያለው የቫንደርቢልት ቤተሰብ ቤት ነው። ቲኬቱ ለሁለት ሰው ከመቶ ዶላር በላይ ስለሆነ ዝናብ ለሚጥልበት ቀን አቆዩት።

ብረቫርድ ከአሽቪል በስተደቡብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ያለችበት አውራጃ «ከ250 በላይ ፏፏቴ አለን» ይላል። ዩኤስ 276ን ይዛችሁ ወደ ፒስጋ ደን ስትወጡ ሉኪንግ ግላስ ፏፏቴን ከመኪናችሁ ሳትወርዱ ታዩታላችሁ፣ 60 ጫማ ነው። ትንሽ አለፍ ስትሉ ስላይዲንግ ሮክ ይመጣል። ውሃ ያለሰለሰው ድንጋይ ነው፤ ቁጭ ብላችሁ 60 ጫማ ተንሸራታችሁ ኩሬው ውስጥ ትወድቃላችሁ። ውሃው በጁላይም ቢሆን እንደ በረዶ ነው፣ አንዳንዱ ሲወድቅ ስሙን ይረሳል። ትንሽ ያስከፍላል፣ ጥሩ ቁምጣ ግን አትልበሱ፤ ድንጋዩ መቀመጫውን ይጨርሰዋል። ከረፋዱ በኋላ ሰልፍ ስለሚኖር ቀድማችሁ ድረሱ። በተረፈ የፏፏቴ አናት ላይ ለፎቶ መውጣት ክልክል ነው ብላችሁ ለራሳችሁ ወስኑ። በዚህ አካባቢ ሰው የሚሞተው ከድብ ሳይሆን ከዚያ ነው።

የሚያምረው ነገር ሁሉም በአንድ ሰዓት ክልል ውስጥ መሆኑ ነው። የሚነዳው አይደክምም፣ የማይነዳው አይሰለችም። ፓርክዌዩንም ክፍት በሆነበት በኩል ትቀምሱታላችሁ።

ሰሜን ጆርጂያ

ይህኛው በአጭሩ ይበቃዋል። ከአትላንታ ለምትነሱና ቅዳሜና እሁድ ብቻ ላላችሁ ነው። ዳሎኔጋ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ናት፤ በ1829 አካባቢ የወርቅ ጥድፊያ የነበረባት ከተማ ናት፣ አሁን የወይን እርሻዎች አሏት። ሄለን የጀርመን መንደር መስላ የተሠራች ናት፣ ቅዳሜ ከሆነ ግን ፓርኪንግ ፍለጋ ቀኑ ያልቅባችኋል። አሚካሎላ ፏፏቴ 729 ጫማ ነው፣ ደረጃው ብዙ ነው፣ ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ከላይኛው ማቆሚያ እዩት። ታሉላ ገደል ጥልቀቱ ወደ 1,000 ጫማ ይጠጋል። ወደ ወለሉ መውረድ የሚፈቀደው በቀን ለ100 ሰው ብቻ ስለሆነ በጠዋት መድረስ አለባችሁ። ከዲሲ ለዚህ ብላችሁ አትምጡ፤ በመንገዳችሁ የበለጠ ነገር አልፋችሁ ነው የምትደርሱት።

ካቢን ወይስ ሆቴል

ሁለት ሌሊት ብቻ ከሆነ ሆቴል ይሻላል። ካቢን የቀን ዋጋው ደህና መስሎ የጽዳትና የአገልግሎት ክፍያው ሲጨመር ያስደነግጣል፤ የሚያዋጣው ከሦስት ሌሊት ጀምሮ ነው። ከመያዛችሁ በፊት የእንግዶችን አስተያየት አንብቡ፤ «መንገዱ ጠጠር ነው፣ ቀጥ ያለ ዳገት ነው» የሚል ካለ በትንሽ መኪና አትሞክሩት።

ካቢኑ ወጥ ቤት አለው፣ ጀበና ይዛችሁ ከሄዳችሁ በረንዳው ላይ ቡና መጠጣት የጉዞው ምርጥ ሰዓት ሊሆን ይችላል። ዕጣኑን ግን ቤት ውስጥ አታጭሱ። የጭስ ማንቂያው ይጮሃል፣ ባለቤቱም «ቤቴ ውስጥ ተጨሰ» ብሎ ቅጣት ሊቆርጥባችሁ ይችላል። እዚያው በረንዳው ላይ ይሁን።

ስለ ምግብና ስለ ድብ

ኦገስት ላይ የምትወጡ ጿሚዎች ካላችሁ፣ ፍልሰታ ከ7 እስከ 21 ነው። የተራራው ምግብ ቤት ለጾም አይመችም። የሚያታልለው ደግሞ ጎመኑና ባቄላው ነው። ዝርዝሩ ላይ አትክልት ተብሎ ይጻፋል፣ የሚቀቀለው ግን ብዙ ጊዜ ከአሳማ ሥጋ ጋር ነው። ሙስሊም ከሆናችሁም ያው ነው። «አሳማ አለበት ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ አይከፉም፣ ይነግሯችኋል። እንጀራና ሽሮ ከቤት ይዛችሁ ብትወጡ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል፤ በመንገዱ ላይ የሐበሻ ሱቅ እንደ ዲሲ ጎረቤቷ ሲልቨር ስፕሪንግ በየማዕዘኑ አይገኝም።

የያዛችሁትን ምግብ ውጭ አታሳድሩ። ስሞኪ ውስጥ ብቻ 1,900 ገደማ ጥቁር ድብ አለ፣ አፍንጫው ከእኛ በብዙ እጥፍ ያሸታል። ያልተቆለፈ የመኪና በር መክፈት የለመዱም አሉ። ካያችሁት ከ50 ያርድ አትቅረቡ፤ ሕግ ነው፣ ያስቀጣልም።

መንገዱ ላይ

ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ አትያዙ። ዓባይ በረሃን የወረደ ሾፌር እንደሚያደርገው በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ። አውቶማቲክ መኪናም «ኤል» ወይም ቁጥር ያለበት ማርሽ አለው። የተቃጠለ ሽታ ከሸተታችሁ ቁሙና አቀዝቅዙት። ከኋላችሁ የሚቸኩል ካለ መተላለፊያ ቦታ ላይ ወጣ ብላችሁ አሳልፉት፤ የሚነዳው ሰው ፊት ለፊት እንጂ በመስተዋት እያየ አይደሰትም። ጠመዝማዛው የሚያጥወለውለው ሰው ካለ ከፊት ይቀመጥ፣ ስልኩን አያንብብ፣ ከመነሳቱ በፊት መድኃኒቱን ይዋጥ።

ካርታውን በዋይፋይ አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱት፤ ተራራው ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል። ነዳጅ ግማሽ ሲደርስ ሙሉ፣ ኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ደግሞ ከየከተማው ስትወጡ ቻርጅ አድርጋችሁ ውጡ።